ስለ ፀሐይ ማዕበል፥ በጠፈር ተጓዦችና በሰው ሥራ ላይም ስለሚያደርሰው ጉዳት

በቈላ ወንዝ ዳር የሚኖር ሰው ደራሽ ውሀን ያውቃል። በወንዙ ዳር ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይ ደምቃ ሳለ፥ በደጋው የዘነበው ዝናም ተሰብስቦ ድንገት ይመጣል፤ ከብቱንም እረኛውንም ጠርጎ ይወስዳል። ያ እረኛ የሚጠፋው ውሀው ስለ በረታ ብቻ አይደለም፤ በላይ አገር የሆነውን የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው። በደጋው አፋፍ ቆሞ «ደራሽ መጣ!» ብሎ የሚጮኽ አንድ ሰው ቢኖር ኖሮ ግን፥ ከብቱን ነድቶ ወደ ጕብታው በወጣ ነበር።

ልጆች ሆይ፤ ከፀሐይም ወደ ምድራችን እንዲሁ ያለ ደራሽ ይመጣል። ውሀ አይደለም፤ ድምፅም የለውም። ነገር ግን የኤሌክትሪክ መብራትን ያጠፋል፥ ራዲዮንን ዝም ያሰኛል፥ ከምድር ርቆ በጠፈር የሚጓዘውንም ሰው ለሞት ሊያበቃው ይችላል። ሊቃውንት ይህን ነገር የፀሐይ ማዕበል ይሉታል። እኛም ከምን እንደሚነሣ፥ ምን እንዳጠፋ፥ በምንስ ብልሃት እንደሚጠበቁት በየተራው እንጽፋለን። በዚህ ጽሕፈት የሚነሣው ዘመን ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ስለ ፀሐይ ጠባይ

እግዚአብሔር በአራተኛው ቀን ፀሐይን ፈጥሮ በቀን እንድታበራ አሠለጠናት። አባቶቻችን የባሕረ ሐሳብ ሊቃውንትም የፀሐይንና የጨረቃን አካሄድ ቈጥረው፥ በዓላትና አጽዋማት የሚውሉበትን ቀን የምናውቅበትን ሥርዐት አቆዩልን። የዛሬ ሊቃውንት ደግሞ በመነጽርና በልዩ ልዩ መሣሪያ እየታገዙ የፀሐይን ገላ ራሱን መረመሩ።

ፀሐይ ከምድር 150 ሚሊዮን ኪሎሜትር ያህል ትርቃለች። በቀን 40 ኪሎሜትር የሚሄድ ብርቱ እግረኛ፥ መንገድ ተገኝቶለት ሳያርፍ ቢጓዝ እንኳ፥ ከ10,000 ዓመት በፊት ከዚያ አይደርስም። ብርሃን ግን ይህን መንገድ በ8 ደቂቃ ከ20 ሴኮንድ ገደማ ይጨርሰዋል። የፀሐይንም ወርድ ለመሙላት ምድራችንን የሚያህሉ 109 ምድሮች በአንድ ረድፍ መሰለፍ አለባቸው። የላይ ገጿ 5,500 ዲግሪ ያህል ይሞቃል፤ ይህም ብረትን አቅልጦ እንደ እንፋሎት ለማትነን ይበቃል።

ፀሐይ እንደ ምድር ጠጣር አይደለችም፤ እንደ ምድጃ እሳትም እንጨት አትበላም። ኤሌክትሪክ ያደረበት፥ እጅግ የጋለ አየር የመሰለ ነገር ናት። ስለዚህ ሁለንተናዋ እኩል አይዞርም። ወገቧ በ25 ቀን ገደማ አንድ ጊዜ ሲዞር፥ በዋልታዎቿ አጠገብ ያለው ክፍል ግን ከ30 ቀን በላይ ይፈጅበታል። በፀሐይ ውስጥም ብርቱ የማግኔት ኀይል አለ። ወገቧ እየቀደመ ዋልታዎቿ ወደ ኋላ እየቀሩ ሲዞሩ፥ ያ የማግኔት ኀይል በእንዝርት ላይ እንዳለ ፈትል ይከርራል። ፈታይ ሴት ፈትሏን አብዝታ ያከረረችው እንደ ሆነ መጀመሪያ ይጠማዘዛል፥ ቀጥሎም ይቋጠራል፥ በመጨረሻም ይበጠሳል። ሲከር ይበጠሳል እንደሚባለው የፀሐይም ማግኔት እንዲሁ ነው። በተቋጠረበት ስፍራ በፀሐይ ገጽ ላይ ጥቍር ነጥብ ይታያል፤ ተበጥሶ ሌላ መልክ ይዞ በገጠመም ጊዜ ታምቆ የነበረው ኀይል በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። የፀሐይ ማዕበል መነሻው ይህ ነው።

ነጥብ ማለታችን ከሩቅ ስለምናየው ነው እንጂ፥ ብዙ ጊዜ ስፋቱ ከምድር ይበልጣል። ጥቍር መስሎ የሚታየውም በዙሪያው ካለው ይልቅ ሙቀቱ ስለሚያንስ ነው። ሄንሪክ ሽቫቤ የሚባል የጀርመን አገር መድኀኒት ቀማሚ ከ1826 ጀምሮ፥ ሰማዩ በጠራ ቀን ሁሉ እነዚህን ነጥቦች ይቈጥር ነበር። 17 ዓመት ሳይሰለች ከቈጠረ በኋላ፥ በ1843 ነጥቦቹ በተወሰነ ዘመን እየበዙና እያነሱ እንደሚመላለሱ አገኘ። ዛሬ ይህ ዘመን 11 ዓመት ያህል እንደ ሆነ ይታወቃል። ነጥቦቹ በሚበዙበት ጊዜ ማዕበሉም ይበዛል። እንግዲህ ትልቅ ምስጢር የተገኘው በብዙ ገንዘብ ሳይሆን በትዕግሥትና በመጻፍ መሆኑን ልብ በሉ።

ማዕበሉ በሦስት ክፍል እንደሚመጣ

ክረምት ሲበረታ አስቀድሞ መብረቅ ይታያል፥ ቀጥሎ በረዶ ይወርዳል፥ ከዚያ በኋላ ጎርፉ ይደርሳል። የፀሐይም ማዕበል እንዲሁ በሦስት ተከፍሎ ይመጣል።

መጀመሪያው እንደ መብረቅ ያለው ብልጭታ ነው። ይኸውም ብርሃንና በዐይን የማይታይ ጨረር ሲሆን፥ በ8 ደቂቃ ያህል ምድርን ይመታል። በዚያ ሰዓት ቀን በሆነላቸው አገሮች ላይ ያለውን የላይኛውን አየር ስለሚለውጠው፥ በአጭር ሞገድ የሚላከው የራዲዮን ድምፅ በመንገድ ይጠፋል።

ሁለተኛው እንደ በረዶ ያለው ነው። ይኸውም ፕሮቶን የሚባሉ፥ ከአቶም ውስጥ የሚገኙ፥ እጅግ ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ጥቃቅን ቢሆኑም ሩጫቸው የብርሃንን ፍጥነት ሊቃረብ ምንም ያህል የማይቀረው ጊዜ አለ። ከብልጭታው በኋላ ከጥቂት አሥር ደቂቃዎች እስከ ጥቂት ሰዓቶች ባለው ጊዜ ይደርሳሉ። የጠፈር ተጓዥ ዋና ጠላት ይህ ነው።

ሦስተኛው እንደ ጎርፍ ያለው ነው። ፀሐይ ከገላዋ ክብደቱ በብዙ ሺህ ሚሊዮን ቶን የሚቈጠር፥ ኤሌክትሪክና ማግኔት የተሞላ ደመና ትወረውራለች። ይህ ደመና ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ተጉዞ ምድር ይደርሳል፤ እጅግ የፈጠነው ግን አንድ ቀን እንኳ አይሞላውም። የኤሌክትሪክ ሽቦን የሚጎዳው ይህ ሦስተኛው ነው።

ምድር ስላላት ጋሻ

ይህ ሁሉ ሲወርድብን እንዴት በሕይወት እንኖራለን? ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልካም ጠየቀ። ፈጣሪ ለምድር ሁለት ጋሻ ሰጥቷታል። አንደኛው ከራሳችን በላይ የተዘረጋው ወፍራም አየር ነው። ሁለተኛው ምድር ራሷ ትልቅ ማግኔት መሆኗ ነው። የኮምፓስ መርፌ ወደ ሰሜን የሚያመለክተው በዚሁ ኀይል ነው። ከፀሐይ የሚመጡት ጥቃቅን ነገሮች ኤሌክትሪክ ስላለባቸው፥ የምድር ማግኔት መንገዳቸውን ያጣምምባቸዋል፤ ጎርፍ በዐለት ተከፍሎ በግራና በቀኝ እንደሚያልፍ አብዛኞቹ በምድር ዳር ያልፋሉ።

ጥቂቶቹ ግን ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ዋልታ ተመርተው ገብተው ከአየር ጋራ ይጋጫሉ። ከምድር 100 ኪሎሜትርና ከዚያም በላይ ከፍ ባለ ስፍራ አረንጓዴና ቀይ ብርሃን በሌሊት እንደ መጋረጃ ሲወዛወዝ ይታያል። ስሙም አውሮራ ይባላል። አውሮራ ለዐይን ደስ የሚያሰኝ ነገር ነው፤ ነገር ግን ከተለመደው ስፍራ አልፎ ወደ ሞቃት አገሮች በወረደ ጊዜ፥ ማዕበሉ መበርታቱን ይናገራል።

በ1859 ስለ ሆነው ነገር

ሪቻርድ ካሪንግተን የሚባል እንግሊዛዊ የሰማይ መርማሪ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1859 የፀሐይን መልክ በመነጽር አሳልፎ በገበታ ላይ ጥሎ ጥቍር ነጥቦችን ይሥል ነበር። በድንገት ከነጥቦቹ መካከል ነጭ ብርሃን ቦግ ሲል አየ። የሚመሰክርለት ሰው ሊጠራ ሮጦ ሄዶ አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ቢመለስ፥ ብርሃኑን ደክሞ አገኘው። ደግነቱ ሪቻርድ ሆጅሰን የሚባል ሌላ እንግሊዛዊ በሌላ ስፍራ ሆኖ ያንኑ ብርሃን አይቶ ነበርና፥ ነገሩ በሁለት ምስክር ጸና።

ከዚህ በኋላ 17 ሰዓት ተኩል ያህል ሲያልፍ ምድርን ብርቱ ማዕበል መታት። አውሮራ ወርዶ በኩባ ደሴት ሳይቀር ታየ። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ሥራ ማለት በይበልጥ ቴሌግራፍ ነበር። በቴሌግራፉ ሽቦ ውስጥ ማንም ያላከው ኤሌክትሪክ ስለ ሮጠ፥ አንዳንዶቹን ሠራተኞች መታቸው፤ በአንዳንድ ስፍራም ወረቀት አቃጠለ። በአሜሪካ አገር በቦስተንና በፖርትላንድ ከተሞች የነበሩ ሠራተኞች ግን ባትሪያቸውን ፈትተው፥ ከሰማይ በመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ ሁለት ሰዓት ያህል መልእክት ተላላኩ።

የዚህም ምክንያት እንዲህ ነው። ማግኔት በሽቦ አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይነሣል፤ ይህን ማይክል ፋራዴይ የሚባለው እንግሊዛዊ ሊቅ በ1831 አሳይቷል። ከፀሐይ የመጣው ደመና የምድርን ማግኔት ሲያናውጠው፥ በረዣዥም ሽቦዎች ሁሉ እንዲሁ ይሆናል። ሽቦው በረዘመ መጠን ጉዳቱም ይበዛል።

በዛሬ የሰው ሥራ ላይ ስለሚያደርሰው ጉዳት

በ1859 የተጎዳው ቴሌግራፍ ነበረ፤ ዛሬ ግን ሐኪም ቤቱ፥ የውሀ መሳቢያው፥ ባንኩና ስልኩ ሁሉ በኤሌክትሪክ ያድራል። ስለዚህ አደጋው ከፊተኛው ይልቅ ሰፍቷል። በማርች 13 ቀን 1989 ሌሊት በካናዳ የኬቤክ ክፍለ አገር የማዕበሉ ኤሌክትሪክ ወደ መብራት ሽቦዎች ገባ። በ90 ሴኮንድ ገደማ ውስጥ የክፍለ አገሩ መብራት በሙሉ ጠፋ። 6 ሚሊዮን ሰው 9 ሰዓት ያህል ያለ ኤሌክትሪክ ቆየ፤ ወራቱም ገና የብርድ ወራት ነበረ። በኦክቶበር 2003 ደግሞ በስዊድን አገር በማልሞ ከተማ መብራት ጠፋ።

ከምድር በላይ የሚዞሩ ሳተላይቶችም ከዚህ አያመልጡም። ማዕበሉ የላይኛውን አየር ሲያሞቀው አየሩ ወደ ላይ ያብጣል፤ ዝቅ ብሎ የሚበረውን ሳተላይትም እንደ ጭቃ እየያዘ ያዘገየዋል። በፌብሩዋሪ 2022 አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በአንድ ጊዜ ከላካቸው 49 ሳተላይቶች 38ቱ በዚህ ምክንያት ተመልሰው ወድቀው በአየር ውስጥ ተቃጠሉ። ያም ማዕበል ከብርቱዎቹ የሚቈጠር አልነበረም።

በሜይ 2024 ግን ከብርቱዎቹ የሆነው መጣ። አውሮራ በሜክሲኮና በሰሜን ሕንድ ሳይቀር ታየ። በአሜሪካ ትራክተራቸውን ከሳተላይት በሚመጣ ምልክት የሚመሩ ገበሬዎችም፥ ምልክቱ ስለ ተዛባባቸው በዘር ወራት ሥራቸውን አቆሙ። የገበሬ እርሻ ከፀሐይ ነጥብ ጋራ በዚህ መንገድ ይገናኛል ብሎ ቀድሞ ማን ያስብ ነበር?

አለማወቅ ደግሞ ከማዕበሉ ይልቅ ሊያጠፋ እንደሚችል በሜይ 1967 የሆነው ነገር ያስረዳል። በዚያን ጊዜ አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት በኑክሌር መሣሪያ ተፋጠው ነበር። አሜሪካ በአላስካ፥ በግሪንላንድና በእንግሊዝ አገር ያቆመቻቸው የጦር መጠበቂያ ራዳሮች በአንድ ቀን ታወኩ። አዛዦቹም ጠላት ሊመታን ዐይናችንን አሳወረ ብለው ጠረጠሩ፤ የጦር አውሮፕላኖችም ለመነሣት መሰናዳት ጀመሩ። ነገር ግን ፀሐይን የሚጠብቁ ባለሙያዎች በዚያው ጦር ውስጥ ነበሩና፥ ይህ የፀሐይ ሥራ እንጂ የጠላት ሥራ አይደለም ብለው በጊዜው አስታወቁ። ስለዚህ አውሮፕላኖቹ ሳይነሡ ቀሩ።

በጠፈር ተጓዦች ላይ ስላለው አደጋ

በምድር ላይ ያለ ሰው ገላው በአየርና በማግኔት ተጋርዷል። ወደ ጨረቃ የሚሄድ ሰው ግን ሁለቱንም ጋሻ ትቶ ይወጣል፤ ከዝናም በፊት ቤቱን ትቶ በሜዳ እንደሚያድር መንገደኛ ነው። በማዕበል ጊዜ ፕሮቶኖቹ ልብሱን ዘልቀው ገላውን እንደ ጥቃቅን ፍላጻ ይወጉታል። የሚወጉትም ቍስሉ በቈዳ ላይ ሳይታይ፥ በሥጋ ውስጥ ያሉትን የሕይወት ሕዋሳት ነው። ጨረሩ ጥቂት ቢሆን ከብዙ ዓመት በኋላ ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። በአንድ ጊዜ የበዛ እንደ ሆነ ግን ሰውየው ያስመልሰዋል፥ ኀይሉ ይደክማል፥ ደም የሚተካበት ክፍል ይጎዳል፤ ሐኪም ካልደረሰለትም ይሞታል።

የዚህን አደጋ ቅርብነት የ1972 ዓመት ያሳየናል። በዚያ ዓመት በኤፕሪል አፖሎ 16 የምትባለው መንኰራኵር ሦስት ሰዎች ይዛ ወደ ጨረቃ ሄዳ በደኅና ተመለሰች። በዲሴምበርም አፖሎ 17 ሌሎች ሦስት ሰዎች ይዛ ሄደች። በሁለቱ መካከል፥ በኦገስት 4 ቀን፥ እጅግ ብርቱ የሆነ የፀሐይ ማዕበል ተነሣ። ደመናው ከፀሐይ እስከ ምድር የደረሰው በ15 ሰዓት ያህል ነው። የአሜሪካ ባሕር ኀይል በሰሜን ቬትናም ጠረፍ በውሀ ውስጥ ካጠመዳቸው፥ በማግኔት ከሚተኰሱት ፈንጂዎች ብዙዎቹ፥ መርከብ ሳይቀርባቸው በየራሳቸው ፈነዱ። በዚያን ቀን ሁለት ሰዎች በጨረቃ ላይ ቆመው ቢሆን ኖሮ፥ ከልብሳቸው በቀር መከለያ ባልነበራቸውም ነበር። በብርቱ በታመሙ፥ ምናልባትም በሞቱ። ያዳናቸው ብልሃት አልነበረም፤ ቀኑ ስላልገጠመ ብቻ ነው። ጥበበኛ ሰው ግን ሁለተኛ ጊዜ በዕድል ብቻ አይታመንም።

ደራሹን አስቀድሞ ስለሚያዩ ጠባቂዎች

ስለዚህ ሊቃውንት በደጋው አፋፍ ጠባቂ አቆሙ። ከምድር ወደ ፀሐይ አቅጣጫ 1.5 ሚሊዮን ኪሎሜትር ርቆ፥ አንድ መንኰራኵር ከምድር ጋራ እኩል እየሄደ በጥቂት ነዳጅ ሊቆይበት የሚችል ስፍራ አለ። የአውሮፓና የአሜሪካ ሊቃውንት በ1995 ሶሆ የምትባለውን፥ አሜሪካ በ2015 ዲስኮቨር የምትባለውን፥ ሕንድም በ2023 አዲትያ ኤል 1 የምትባለውን መንኰራኵር ወደዚያ ላኩ። ከፀሐይ የተወረወረው ደመና በሴኮንድ 800 ኪሎሜትር ቢሮጥ፥ ከጠባቂዋ እስከ ምድር ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስድበታል። የጠባቂዋ ወሬ ግን በራዲዮን ሞገድ በ5 ሴኮንድ ይደርሳል። ግማሽ ሰዓት ትንሽ ነው የሚል ሰው ቢኖር፥ ደራሽ የመጣበትን እረኛ ይጠይቅ።

ወሬው በደረሰ ጊዜ የኤሌክትሪክ ሠራተኞች በሽቦው ላይ ያለውን ሸክም ያቃልላሉ። በሰሜን ዋልታ የሚያልፉ አውሮፕላኖች መንገዳቸውን ይለውጣሉ። የሳተላይት ጠባቂዎች በቀላሉ የሚጎዳውን መሣሪያ ይዘጋሉ። በ400 ኪሎሜትር ከፍታ ምድርን በሚዞረው የዓለም አቀፍ የጠፈር ጣቢያ ያሉ ሰዎችም ወደ ውጭ አይወጡም። በኦክቶበር 2003 በዚያ የነበሩት ተጓዦች መከለያው ወደሚበረታበት ክፍል ገብተው ተጠልለዋል።

መከለያውም የግድ ከባድ ብረት አይደለም። ፕሮቶን ከከባድ ብረት ጋራ ሲጋጭ ሌሎች ጎጂ ቅንጣቶችን ሊፈለቅቅ ይችላል፤ ውሀና ፕላስቲክ የመሰለ ነገር ይልቅ ይሻላል። ስለዚህ ኦሪዮን በምትባለው አዲስ መንኰራኵር ውስጥ፥ ማዕበል የመጣ እንደ ሆነ ሰዎቹ ስንቅና ዕቃ የያዙትን ከረጢቶች በዙሪያቸው ከምረው እንዲጠለሉ ታስቧል። በኖቬምበር 2022 የተላከችው ይህች መንኰራኵር ሰው ሳይኖርባት ጨረቃን ዞራ ስትመለስ፥ ሄልጋና ዞሐር የተባሉ የሴት መልክ ያላቸው ሁለት ምስሎች ተቀምጠውባት ነበር። አንዲቱ የጨረር መከላከያ ሰደርያ ለብሳ፥ ሁለተኛዪቱ ሳትለብስ ሄዱ፤ ይህም ልብሱ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማመዛዘን ነው።

ይህ ነገር ለአገራችን ስለሚያገባት

አውሮራ የሚታየው በዋልታዎቹ ከሆነ እኛን ምን ያገባናል? የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። የኮምፓስ መርፌ ወደላይም ወደታችም ሳያዘነብል ቀጥ ብሎ የሚተኛበት፥ የማግኔት ወገብ የሚባል መሥመር አለ። ይህ መሥመር በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል። በቀን ከዚህ መሥመር በላይ 100 ኪሎሜትር ያህል ከፍ ብሎ፥ የኤሌክትሪክ ወንዝ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈስሳል። ማታም ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በዚያው ያለው አየር ስለሚናወጥ፥ ከሳተላይት የሚመጣውን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል። ስለዚህ የዓለም ሊቃውንት ምድርንና ጠፈርን በኅብረት በመረመሩበት በ1957ና በ1958፥ የምድርን ማግኔት የሚለካ ጣቢያ በአዲስ አበባ ተቋቋመ። በዲሴምበር 20 ቀን 2019 ደግሞ የመጀመሪያዪቱ የኢትዮጵያ ሳተላይት ከቻይና አገር ወደ ሰማይ ተላከች። እንግዲህ ይህ ትምህርት የሩቅ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም።

ሕዝቡ ግን በከንቱ እንዳይፈራ፥ ይህንንም ነገር ተማሪዎች ለወላጆቻቸው ያስረዱ። የፀሐይ ማዕበል በምድር ላይ ያለውን የሰውን ገላ፥ ከብቱንና ቡቃያውን አይጎዳም። የዓለም መጨረሻ ምልክትም አይደለም፤ በ11 ዓመት እየበረታ እያነሰ ከጥንት ጀምሮ የሚመላለስ የፍጥረት ሥርዐት ነው። ከዚህም ጋራ ማንም ልጅ ነጥቦቹን አያለሁ ብሎ ዐይኑን ወደ ፀሐይ እንዳያቀና አጥብቀን እናስጠነቅቃለን፤ ዐይን አንድ ጊዜ ከተቃጠለ ላይመለስ ይችላልና። ካሪንግተን እንዳደረገው መልኳን በነጭ ወረቀት ላይ ጥሎ ማየት ይቻላል፤ ይህም መምህሩ ባሉበት ይሁን።

ልጆች ሆይ፤ እረኛው ወንዙን ሊያቆመው አይችልም፤ እኛም ፀሐይን ልናቆማት አንችልም። ነገር ግን አስቀድሞ አይቶ መናገር፥ ሲነገርም ሰምቶ መጠንቀቅ ከሰው ይጠበቃል። ሽቫቤ 17 ዓመት ነጥብ ቈጠረ፤ ካሪንግተን ያየውን በዚያው ቀን ጻፈ፤ በእነርሱም ትጋት ዛሬ የሚድን ሰው አለ። ከእናንተም መካከል በደጋው አፋፍ ቆሞ ለወገኑና ለዓለም «ደራሽ መጣ!» የሚል ጠባቂ እንዲወጣ፥ ቍጥርንና ንባብን ሳትሰለቹ ተማሩ።